ጠፋ ወይስ ተፋ?

ነገሩ የተገለጠልኝ ታክሲ ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. የኅዳር ወር አንድ ጠዋት፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ አራት ኪሎ በምትወርድ አሮጌ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ቦታ አራት ሆነን ተጣብቀን ተቀምጠናል። ሾፌሩ ፍላሹን ሰካና ሙዚቃ ለቀቀ። ሁለት ዘፈን አለፈ። ሦስተኛው ሲጀምር ደሜ ሞቅ አለ። የኔ ሥራ ነበር።

የኔ ስል ዘፋኙ እኔ ነኝ ማለቴ አይደለም። ግጥሙም ዜማውም የአንድ ሽማግሌ ክራር ተጫዋች ነው። እኔ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ክራሩን፣ ከበሮውን፣ ቤዝ ጊታሩንና የሽማግሌውን ድምፅ ለየብቻ ቀድቼ፣ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አድርጌ ያዋሐድኳቸው እኔ ነኝ። በሙያው ቋንቋ «ሚክስ ማድረግ» ይባላል። ስሙ ሽፋን ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ፣ ብዙ ጊዜም ጨርሶ የማይጻፍ ሙያ ነው። ቢሆንም ሰው የሠራውን ሥራ በማያውቀው ሰው እጅ ገብቶ ሲያገኘው ደስ ይለዋል። አንገቴን ቀና አደረግሁ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ቤዙ ገና ሲገባ የታክሲዋ በር መንዘፍዘፍ ጀመረ። ክራሩ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ መሰለ። የሽማግሌው ድምፅ ከቤዙ ሥር ተቀብሮ፣ አልፎ አልፎ ብቻ እንደ እባብ «ስስስ» እያለ ብቅ ይላል። አዝማቹ ሲደርስ ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ሴቶች አንዷ ወደ ጓደኛዋ ዞር አለችና፣

«ሰውዬው ‘ልጄ ተፋ’ ነው እንዴ የሚለው?» አለቻት።

«እኔም እንደዚያ ነው የሰማሁት። ምን ተፍቶ ይሆን?»

«ጫት ነዋ!» አለ ረዳቱ ከበሩ ላይ ሆኖ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

«ወራጅ አለ» አልኩ። መውረጃዬ ገና አልደረሰም ነበር።

ሽማግሌው «ተፋ» አላለም። «ጠፋ» ነው ያለው። ልጃቸው በ2006 ዓ.ም. በሱዳን አድርጎ ወጣ። ከካርቱም አንድ ጊዜ ስልክ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። የሞተ እንደሆነ የሚያረዳ የለም፤ በሕይወት እንዳለም የሚመሰክር የለም። እንዲህ ላለው ሰው አማርኛችን ያለው ቃል አንድ ነው፤ ጠፋ። ሽማግሌውም ዘፈኑን በዚህች ቃል ላይ ሠሩት። ሰሙ ከቤት የወጣ በግ የሚፈልግ እረኛ ይመስላል፤ ወርቁ ልጁ ነው። እኔ ዘንድ ለቀረጻ የመጡ ዕለት ከሁሉ አስቀድመው የለመኑኝም ይህንኑ ነበር። «ልጄ፣ ሙዚቃውን እንደ ዘመኑ አድርገው፤ አልከለክልህም። ቃሉን ግን አሰማልኝ። ይህ ዘፈን እኔ የማልደርስበት አገር ይደርስ ይሆናል።»

እኔም «አይስጉ ጋሼ» አልኳቸው። ስቱዲዮዬን ተማምኜ ነዋ!

ስቱዲዮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአንድ ግቢ ኋላ ያለች፣ ለሠራተኛ ማደሪያ የተሠራች ሰርቪስ ክፍል ናት። ወርዷ 3 ሜትር ከ10፣ ቁመቷም 3 ሜትር ከ10፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2 ሜትር ተኩል። ግድግዳዋ የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሏ ሴራሚክ። ስከራያት አራት ማዕዘንነቷ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለዕቃ አቀማመጥ ትመቻለች ብዬ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ከየምግብ ቤቱ የእንቁላል ካርቶን ለቅሜ ግድግዳውን ለበጥኩት፤ በቀረው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ለጠፍኩ። ጠረጴዛዬን መሐል ላይ አደረግሁና ወንበሬን ከክፍሉ እምብርት ላይ ተከልኩ።

ትልቁ ኩራቴ ግን ሞኒተሮቼ ነበሩ። ቤት ውስጥ የምናዳምጥበት ስፒከር ደስ እንዲያሰኝ ታስቦ ይሠራል፤ ቤዙን ያወፍራል፣ ቀጭኑን ድምፅ ያብለጨልጨዋል። ሞኒተር የሚባለው የስቱዲዮ ስፒከር ደግሞ ሥራው የተቀዳውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መናገር ነው። በዚህ ረገድ ስሙ ከሁሉ የገነነው ያማሃ ኤን ኤስ 10 የሚባለው ነጭ ሸራ ያለው ስፒከር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ማዳመጫ ብሎ አወጣው፤ በቤት አድማጭ ዘንድ ግን አልተወደደም። የስቱዲዮ ሰዎች ጠረጴዛቸው ላይ አኖሩትና ከዚያ ወዲህ እስከ 2001 ድረስ ሲሠራ ቆየ። የወደዱት አምሮ ስለሚሰማ አይደለም። ጉድለትን ስለማይሸፍን ነው፤ «በዚህ ላይ ደህና የተሰማ በየትም ደህና ይሰማል» እያሉ። እኔ ያገኘሁት ከሱ በኋላ የመጣ ሌላ ሥሪት፣ ያገለገለ፣ የሁለት ዓመት ቁጠባዬን የበላ ጥንድ ነው። እውነት ተናጋሪ ስፒከር ገዛሁ፣ ከእንግዲህ አልሳሳትም አልኩ።

ሽማግሌው ሚክሱ ሲሠራ ሁለት ማታ መጥተው አብረውኝ አመሹ። ክፍሏ ውስጥ ያለችው ሌላ መቀመጫ ጥግ ላይ ያለች አግዳሚ ብቻ ስለነበረች እሷ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። በሁለተኛው ማታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ልጄ፣ ይኸ ወፍራሙ ነገር አልበዛም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉበት ቦታ ትክክለኛው ድምፅ የሚሰማበት አይደለም። ትክክለኛው እዚህ ነው» አልኳቸውና የራሴን ወንበር መታ መታ አደረግሁት። እንዲያውም እኔ ካለሁበት ቤዙ የሳሳ ነበርና እሳቸው እያዩ ትንሽ ጨመርኩበት። ሁለተኛ አልተናገሩም። ልጅ ያጣ ሽማግሌ ከባለሙያ ጋር አይከራከርም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ።

ከታክሲው የወረድኩ ቀን እነሆ ይህ ዝምታቸው ነበር የከነከነኝ።

ሰው ሆኜ መጀመሪያ ያሳበብኩት በታክሲዋ ነው። «የሾፌሩ ስፒከር ተቀዶ ይሆናል» አልኩ። የጓደኛዬ መኪና ውስጥ ሰማሁት፤ ያው ነው። ሰፈራችን ካለች ቡና ቤት አስከፈትኩት፤ ብርጭቆው ተንጫጫ። በእጅ ስልክ ሰማሁት፤ ቤዙ ስለማይወጣለት ቀረና «ስስስ»ታው ጆሮዬን ወጋኝ። አንድ ስፒከር ቢያማኝ ሐሰት ነው እል ነበር። ሁሉም ባንድ ቃል ሲመሰክሩብኝ ምን ልበል?

ማታ ስቱዲዮ ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ዘፈኑን ከፈትኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያምራል! ቤዙ ልክ፣ ክራሩ ልክ፣ ቃሉ ልክ። እውነት ተናጋሪ የተባሉት ስፒከሮቼ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ዐይኔን እያዩ ይዋሹኛል።

ከኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ድምፅ አወጣሁ፤ 55 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 55 ጊዜ የሚርገበገብ። የቤዝ ጊታር ሁለተኛዋ ወፍራም ክር ጣት ሳይነካት ስትመታ የምትሰጠው ድምፅ ነው። የሽማግሌውም ዘፈን ማረፊያ እሷው ናት። ድምፁን ለቅቄ ወንበሬ ላይ ሆኜ አደመጥኩ። ምንም የለም ማለት ይቻላል። ሽቦ ተነቅሎ መሰለኝና ላየው ተነሣሁ። አንድ እርምጃ ወደ ግድግዳው ስራመድ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ማበጥ ጀመረ። ግድግዳው ጋ ስደርስ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። ጥግ ላይ፣ ሽማግሌው ይቀመጡባት የነበረችው አግዳሚ ዘንድ ስደርስ፣ መስኮቱ ይንዘረዘራል። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፁ የለም። አምስት ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ያየኝ ሰው ቢኖር አብዷል ባለ ነበር።

ምክንያቱ ከባድ ሳይንስ አይደለም። ድምፅ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰከንድ 55 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ እንግዲህ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 6 ሜትር ከ20 ያህል ነው። ግማሹ 3 ሜትር ከ10፤ ልክ የክፍሌ ስፋት። እንዲህ ያለ ድምፅ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ ተከትሎት ከሚመጣው ወንድሙ ጋር ይጋጠማል። ግድግዳው አጠገብ ሁለቱ ባንድ ላይ ይገፉና ድምፁ ያብጣል፤ መሐል ላይ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባልና ይጣፋሉ። ክፍሏ አራት ማዕዘን ስለሆነች የቁመቱም የወርዱም ግድግዳ በዚያው በአንዱ ድምፅ ላይ ያድማሉ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ተቀምጬ ጆሮዬ ያለበት ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ያህል ስለሆነ ከወለሉና ከኮርኒሱም መሐል ነኝ። ቤዝ የማይሰማበት ቦታ ፈልገህ ተቀመጥ ተብዬ ብታዘዝ ከዚያ የተሻለ አላገኝም ነበር። እኔም ያልሰማሁትን የሌለ እየመሰለኝ ጨመርኩ፤ ያቺን አካባቢ ብቻ ወደ 6 ዴሲቤል፣ ማለትም የድምፁን ግፊት እጥፍ አድርጌ።

የእንቁላል ካርቶኑስ? እሱም ሌላ ጉድ ነው። አንድን ሞገድ በሚገባ ለመዋጥ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ነገር ውፍረት ከሞገዱ ሩብ ጋር የተመጣጠነ ቢሆን ይመረጣል። ለኔ ቤዝ ሩቡ ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል! በሰከንድ 5000 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ግን ሙሉ ርዝመቱ 7 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ካርቶንና ስፖንጅ ቀጭኑን ብቻ እየለቀመ በላና ወፍራሙን እንዳሻው ተወው። ክፍሏ ስትደነቁርብኝ እኔ ዘፈኑ የደነቆረ መስሎኝ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። የ«ስስስ»ታው ምንጭ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ጥፋት የጨዋነት ጥፋት ነበር። የምሠራው ሌሊት ነው፤ አከራዬ እትዬ ደግሞ እንቅልፋቸው ቀላል ነው። ስለዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነበር የምሠራው። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ባለ ጊዜ ወፍራሙን ይበልጥ ይዘነጋል። ሌሊት በሹክሹክታ ልክ ያልሆነልኝን ቤዝ ጨማምሬ ሳስተካክለው፣ ቀን ታክሲ ውስጥ ከፍ ሲደረግ ጎርፍ ሆነ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ጥያቄ ልመለስ። «ጠፋ» እንዴት «ተፋ» ሆነ? አንባቢ ሁለቱን ቃላት አሁኑኑ መዳፉን አፉ ፊት አድርጎ ይበላቸው። «ተ» ሲል መዳፉ ላይ እፍ ትለዋለች። «ጠ» ሲል ግን ጉሮሮው ይዘጋል፣ ምላሱ ይፈነዳል፤ ከፍንዳታውም በኋላ ተከታዩ ድምፅ እስኪመጣ ከዐይን ጥቅሻ የምታንስ ባዶ ቦታ አለች። ጆሯችን «ጠ»ን ከ«ተ» የሚለየው ባብዛኛው በዚያች ደረቅ ዝምታ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ዝምታዋ ላይ ቤዝ ደፋሁባት፤ ፍንዳታዋን ደግሞ ቀጭኑን በማብዛት እፍ የምትል አስመሰልኳት። ሽማግሌው ስምንት ዓመት የተሸከሙትን ቃል አንድ ፊደል ቀይሬ ለረዳት መሣቂያ ሰጠሁት።

ይህን ሳውጠነጥን አንድ የማውቀው ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ባሠራው ሙዚየም ውስጥ ያለው የትምህርት አዳራሽ መምህሩ የሚናገረው የማይሰማበት ሆነ። አንድ ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ከ5 ሰከንድ በላይ ሲያስተጋባ ይቆያል፤ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። መላ እንዲፈልግ የታዘዘው ዋላስ ሳባይን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። ሳባይን ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስጋዘ ያስገባል፤ የኦርጋን ቧንቧ ያስነፋና ድምፁ እስኪጠፋ በሰዓት ይለካል። ሲነጋ ትራሱን ይመልሳል። ስንት ትራስ ሲገባ ድምፁ በስንት ሰከንድ እንደሚያጥር መዝግቦ፣ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ቀመር አገኘ። በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በሱ ስሌት የተሠራ ነው። እኔን የገረመኝ ቀመሩ አይደለም። ሰውዬው ያን ሁሉ ሌሊት የደከመው ተናጋሪውን ሳይወቅስ ክፍሉን ለማወቅ ነው። እኔ ግን ክፍሌን ሳላውቅ ዘፈኑን አረምኩ።

እንግዲህ ትራስ ፍለጋ ወጣሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርጄ ያረጁ የጥጥ ፍራሾች ገዛሁ። የጫነልኝ ባለ ጋሪ «ሆቴል ልትከፍት ነው?» አለኝ። ፍራሾቹን ጠቅልዬ፣ አቡጀዲ አልብሼ፣ ቤዙ በሚከማችባቸው በአራቱም ጥጎች ከወለል እስከ ኮርኒስ ደረደርኳቸው። የእንቁላል ካርቶኑን ላጥኩና ጣልኩት። ጠረጴዛዬን ወደ ፊተኛው ግድግዳ አስጠግቼ ወንበሬን ከመሐል አነሣሁት፤ ከፊት ግድግዳ ከክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ያህል፣ ማለትም 1 ሜትር ከ18 ርቀት ላይ። የሙያው ሰዎች ለመነሻ የሚመክሩት ልክ ነው። ከግራና ከቀኝ ግን እኩል መራቅ ግድ ስለሆነ የጎኑ ችግር ጨርሶ አልተወገደም። ጓደኛዬን ደግሞ መስተዋት አስይዤ በጎን ግድግዳው ላይ አስኬድኩት። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ስፒከሩ በመስተዋቱ ውስጥ የታየኝ ቦታ፣ ድምፁ ከግድግዳ ነጥሮ ጆሮዬ የሚደርስበት ቦታ ነውና እዚያ ላይ ወፍራም ጋቢ አጣጥፌ ሰቀልኩ።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት ምንም አልሠራሁም፤ አደመጥኩ እንጂ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ቅጂ፣ የማውቃቸውን የካሴት ዘመን ዘፈኖች፣ የሬዲዮ ዜና ሳይቀር። ለብዙ ዓመት በየቦታው የሰማኋቸው ናቸውና በአዲሷ ክፍሌ ውስጥ ምን እንደሚጎድላቸውና ምን እንደሚበዛባቸው ለማወቅ ነው። ክፍል ሙሉ በሙሉ አይታረምም። የሷን ጠባይ ካወቅህ ግን፣ የሚዋሽ ዘመድ እንዳለው ሰው፣ የቱ ላይ እንደምትቀንስ ትለምዳለህ።

ዘፈኑን እንደገና ሚክስ አደረግሁት። በቀን፣ ድምፁን በመጠኑ ከፍ አድርጌ፤ ሲመሽ አቁሜ። ከዚያም ፍላሽ ላይ ገልብጬ የፈረንሳይ ታክሲ ተሳፈርኩ። ሾፌሩን ለምኜ አስከፈትኩት፤ ስወርድ ስወጣ ሁለት ምልልስ ከፈልኩ። ሁለተኛው ምልልስ ላይ አንዲት ተማሪ ስልኳን ከመነካካት ቀና አለችና አጠገቧ ያለችውን «ማነው የጠፋው?» ብላ ጠየቀቻት። በሕይወቴ ስለ ሥራዬ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

የቀረው ከባዱ ነገር ነበር። ሽማግሌውን ጠራኋቸው። የታክሲውን ነገር አልደበቅኋቸውም፤ የረዳቱን ቀልድ ብቻ ዘለልኩት። ጥግ ላይ ሆነው የሰሙት ከኔ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ እንደነበረ፣ ጥግ ቤዙን አጋንኖ መሐል ደግሞ ፈጽሞ ደብቆ ሁለታችንንም እንዳሳሳተን፣ እኔ ግን ልሰማቸው ሲገባኝ ወንበሬን መታ መታ አድርጌ እንዳሳፈርኳቸው ነገርኳቸው። ይቅርታም ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ሚክስ ከእጄ ወጥቷል። በስንት ፍላሽ፣ በስንት ስልክ ተገልብጦ የት እንደደረሰ አይታወቅም፤ መልሼ ልሰበስበው አልችልም። ያንንም ነገርኳቸው።

«ወፍራሙ በዝቶ ነበር አይደል?» አሉ ቀስ ብለው።

«በዝቶ ነበር ጋሼ።»

ወንበሬን ለቀቅሁላቸውና እኔ ጥግ ላይ፣ ፍራሾቹ መሐል በቀረችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ዘፈኑን ከፈትኩት። ክራሩ ገባ። ከበሮው ገባ። ቤዙ ገባ፤ መስኮቱ ዝም አለ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርገው ሰሙ። አዝማቹ ሲደርስ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣

«አዎ ልጄ» አሉኝ፤ «አሁን ጠፋ።»